የእትዬ ዘርፌ ሻይ

አንድ ሰው ሻይ አፈላ። ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሰውዬው ጡረተኛ ነው፣ ብቻውን ነው የሚኖረው። አንድ ማንኪያ ስኳር ጨመረና ቀመሰ። "አይደለም" አለ። ሁለተኛ ጨመረ፣ አማሰለ፣ ቀመሰ። አሁንም አይደለም። ሦስተኛ ጨመረ። አራተኛ ጨመረ። ስድስተኛው ላይ ብርጭቆውን ገፋ አድርጎ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

ምን ፈልጎ ነው ወገኖቼ? ስኳር እንዳትሉኝ።

ሰውዬውን ጋሽ ዳምጠው ልበለው። ስሙ ይሄ አይደለም፤ ታሪኩን እንድነግራችሁ ግን ፈቅዶልኛል። ሠላሳ አንድ ዓመት ስኳር ፋብሪካ ነው የሠራው፣ ማብሰያ ክፍል። የሸንኮራው ጭማቂ ሲንተከተክ አይቶ ብቻ መድረሱን የሚያውቅ ሰው ነበር። "ስለ ስኳር ለእኔ ማንም አይነግረኝም" ይላል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አንዲት የጤና ባለሙያ፣ "ጋሼ፣ ደምዎ ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ እያለ ነው፣ ጣፋጭ ይቀንሱ" ብትለው ምን ቢል ጥሩ ነው? "ልጄ፣ ስኳር የሠራ ሰው ስኳር አይዘውም!" አላትና ስቆ ወጣ። ባለቤቱ እትዬ ዘርፌ አጠገቡ ነበረች። ሁሉንም ሰማች።

በሽታ ግን የሰው ሥራ አይጠይቅም። ያዘው።

እትዬ ዘርፌ ከሁለት ዓመት በፊት አረፈች። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረው ኖረዋል። ከሥራ ሲመለስ አሥር ሰዓት ላይ ሻይ ታቀርብለታለች። ስኳሩን እዚያው ጓዳ ጨምራ፣ አማስላ ታመጣለትና ፊት ለፊቱ ቁጭ ትላለች። እሱ ይቀምስና "ዘርፌ፣ እጅሽ ይጣፍጣል" ይላታል። "ጠጣ ዝም ብለህ!" ትለዋለች። ስንት ማንኪያ እንደምትጨምርለት ጠይቋት አያውቅም። ማን ይጠይቃል? እናንተስ ትጠይቃላችሁ?

ጥያቄው የመጣው ከቀብሯ በኋላ ነው። ያንን ሻይ ፈለገ። ቀረፋውን እንደሷ ጨመረ፣ ቅርንፉዱንም እንደሷ። ጣዕሙ አልመጣም። "ስኳሩ አንሶ ይሆናል" አለና ጨመረ። አልመጣም። ከኬክ ቤት ጣፋጭ እየገዛ ከሻዩ ጋር መብላት ጀመረ። በዚህም አልመጣም። ጎረቤቶቹ፣ "የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው፤ ሻይ ያው ሻይ ነው!" እያሉ ያሾፉበት ነበር።

ከዚያ እግሩ ቆሰለ። በግራ እግሩ አውራ ጣት ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል ሦስት ወር ሙሉ አልድን አለች። ሐኪሙም፣ "ስኳርዎ ካልወረደ ይህን እግር እናጣዋለን" አለው።

ይሄኔ ነው እኔ የሄድኩት። ሰባኪ አይደለሁ? ስለ ሆዳምነት፣ ራስን ስለ መግዛት አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገርኩ። አቤት ስናገር! ጋሽ ዳምጠው አቀርቅሮ ሰማኝ። ስጨርስ፣ "እግሬን ይውሰዱት፤ ያንን ሻይ አንድ ጊዜ ልጠጣው እንጂ" አለኝ። እኔም በልቤ "ሆዳም!" ብዬ ወጣሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ሰው በናፍቆት እያለቀ፣ እኔ ስለ ሆዱ ሰብኬለት ወጣሁ።

ከኔ በኋላ አንዲት ወጣት መጣች። ረድኤት ትባላለች፣ ተመራማሪ ናት። ቤት ለቤት እየዞረች ሰው ምን እንደሚበላ፣ ጣፋጭ ምን ያህል እንደሚወስድ፣ ጤናው እንዴት እንደሆነ ትመዘግባለች። ቅጿ ላይ "ለምን?" የሚል ጥያቄ አለ። አራት መልስ ተጽፎለታል፦ ርቦኝ፣ ለምጄ፣ ሰው አቅርቦልኝ፣ ሌላ።

"ጋሼ፣ በቀን ስንት ብርጭቆ ሻይ ይጠጣሉ?"

"አምስት።"

"በብርጭቆ ስንት ማንኪያ ስኳር?"

"ስድስት። ሰባትም ይሆናል።"

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለውን እግሩን አየች። "ለምን ጋሼ?"

"ለምጄ ነዋ! ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና፣ አጣፍጣ ነበር የምትሰጠኝ።"

ረድኤት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ይህ ጥናት ከስድስት ዓመት በፊትም በዚያው ቤት ተካሂዶ ነበር። ያን ቀን ጋሽ ዳምጠው ሥራ ላይ ስለነበር ጥያቄውን የመለሰችው እትዬ ዘርፌ ናት። ልጅቷ ያኛውን ቅጽ ለማነጻጸር ይዛው መጥታለች።

"ጋሼ፣ የአንዱን መልስ ለሌላው አናሳይም። ይህን ግን ባልነግርዎ እንቅልፍ አይወስደኝም" አለችና አነበበችለት። "የባለቤት ሻይ፣ በአንድ ብርጭቆ፣ ግማሽ ማንኪያ ስኳር።"

"ተሳስተሻል። የሌላ ሰው ይሆናል።"

"ከታች የመዝጋቢው ማስታወሻ አለ ጋሼ። 'ድሮ አራት ማንኪያ ነበር። ስኳር እንዳይጸናበት ፈርታ በየሁለት ወሩ ሩብ ሩብ ማንኪያ እየቀነሰች ግማሽ ላይ አድርሳዋለች። እንዳትነግሩት፣ ስለ ስኳር ማንም አይነግረኝም ይላል፣ ብላ ሳቀች።'"

ግማሽ ማንኪያ! ሠላሳ አንድ ዓመት ስኳር ያበሰለው ምላስ፣ ግማሽ ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ እየጠጣ "እጅሽ ይጣፍጣል" ሲል ኖሯል!

ጋሽ ዳምጠው መጀመሪያ ሳቀ። "ስንት ዓመት ሙሉ ሰረቀችኝ! ለካ ለዚህ ነው ሻይ ቤት ስገባ፣ ምነው እንዲህ አጣፈጣችሁት እያልኩ ስጣላ የኖርኩት!" አለ። ሳቁ ሳያልቅ እንባው መጣ። ልጅቷም አብራው አለቀሰች።

ገባችሁ ወገኖቼ? ምላሱን ቀስ አድርጋ ግማሽ ማንኪያ አስለምዳው ነበር። እሱ ደግሞ ስኳር በጨመረ ቁጥር ወደ እሷ የቀረበ ይመስለው ነበር። እየራቀ ነበር! በየማንኪያው እየራቀ ነበር።

እያነከሰ ተነሣ። ሻይ አፈላ፣ በሁለት ብርጭቆ ቀዳ፣ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ስኳር ጨመረ። "እስቲ ፊት ለፊቴ ቁጭ በይልኝ ልጄ" አላት። ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ።

"መጣ ጋሼ?" አለችው።

"ሻዩ መጣ" አለ። "እሷ ግን አልመጣችም።"

ሻዩን ጨርሶ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ቅጹ ጠቆመ። "ያችን 'ለምጄ' ያልኳትን ሰርዢልኝ። 'ሌላ' የሚለው ላይ 'ናፍቆኝ' ብለሽ ጻፊ።"

እግሩስ ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። አውራ ጣቱን አጥቷል፣ እግሩ ተርፏል። ዛሬም በእግሩ መጥቶ እዚሁ መሃላችሁ ተቀምጧል። አትዙሩ! ሰውዬውን አታሳፍሩት።

ይልቅ ወደ ራሳችሁ ዙሩ። እናንተ ስንተኛው ማንኪያ ላይ ናችሁ? አንዳንዳችን ሳይርበን እንበላለን። አንዳንዳችን ከሰው ጋር ተቀምጠን ስልክ እንነካካለን። ቤት ሠርተን ሌላ ቤት የሚያምረን አለን፤ እዚያም ቤት ውስጥ ያው ጭር ያለ ሳሎን ይጠብቀናል። "ለምን?" ሲሉን "ለምጄ ነው" እንላለን። ለምደን አይደለም። ናፍቆን ነው! የናፈቀንን ስሙን መጥራት ስለፈራን ማንኪያ እናነሳለን።

እግዚአብሔር የናፈቃት ነፍስም አለች። ራሷም አታውቀውም። የራባት ይመስላታል፣ የሰለቻት ይመስላታል። አንድ ነገር ይጨመርልኝ እያለች ስትጸልይ ትኖራለች፤ እሱ ደግሞ ለእግሯ ፈርቶ፣ በዝምታ ሩብ ሩብ ማንኪያ እየቀነሰላት ይሆናል። "ጌታ ሆይ፣ ምነው ቀነስክብኝ?" ብላችሁ የተማረራችሁበትን ቀን እስቲ አስቡት።

ናፍቆት ኃጢአት አይደለም። ጋሽ ዳምጠውን ዛሬም ዘርፌ ትናፍቀዋለች፤ አሥር ሰዓት ሲሆን ደረቱ ላይ ያመዋል። አሁን ግን ሕመሙን በስሙ ይጠራዋል፣ ሻዩንም ጎረቤት ጠርቶ ነው የሚጠጣው። ከሚጠሩት አንዱ እኔ ነኝ። ፊት ለፊቱ ቁጭ እላለሁ፣ አልሰብክም።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ እጃችሁ ወደለመደው ነገር ሲዘረጋ ቆም በሉና፣ "ማን ናፍቆኝ ነው?" በሉ። የናፈቃችሁ በሕይወት ካለ ሂዱ። ሻይ የምታቀርብላችሁ ሴት ጓዳ ካለች ደግሞ ተነሥታችሁ አጠገቧ ቁሙና፣ ስንት ማንኪያ እንደምትጨምርላችሁ ዛሬውኑ ጠይቋት።