የኮርቻ ሰፊው አዛን

አንደበትን ለሰጠ፣ ከአንደበትም በፊት ልብን ለሰጠ ጌታ ምስጋና ይገባው።

ከቆላ ወደ ደጋ የሚወጡ ነጋዴዎች በሚያድሩባት፣ በገደል አፋፍ ላይ በተሠራች አንዲት የጥንት ከተማ አባ ጀውሃር የሚባሉ ኮርቻ ሰፊ ይኖሩ ነበር። እሳቸው የሰፉት ኮርቻ የበቅሎ ጀርባ አያቆስልም ይባልላቸው ነበር። ጺማቸው ነጭ፣ ፊታቸው ሁልጊዜ ፈገግታ ያልተለየው፣ በመስጊድ በኅብረት ከሚሰገደው የጀመዓ ሰላት የማይቀሩ ሰው ነበሩ። ብቻ ከልጅነታቸው ጀምሮ ተብታባ ናቸው። ሰላምታ ሲመልሱ እንኳ ቃሉ ጉሮሯቸው ላይ ይያዝና ሰላም ያላቸው ሰው አልፎ ከሄደ በኋላ ይወጣል።

እኚህ ሰው ታዲያ ከዚህ ዓለም አጥብቀው የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ አዛን ማድረግ፣ ሰዉን ወደ ሰላት መጥራት። የሙአዚኑ ድምፅ ሲሰማ ወስፌያቸውን ያስቀምጡና ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እያንዳንዱን ቃል በልባቸው ተከትለው ይሄዳሉ። በልባቸው ውስጥ ተንተባትበው አያውቁም።

የከተማይቱ ሙአዚን ሸህ ሲራጅ ነበሩ። ድምፃቸውን ከገደሉ ሥር ያሉ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ይለዩታል። በአንድ ክረምት ግን የጉሮሮ ሕመም ጣላቸው፤ ሲድኑም ድምፃቸው አብሯቸው አልተነሣም። የቀረላቸው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። የመስጊዱ ሽማግሌዎች የሚተካቸውን ለመምረጥ በተቀመጡበት ቀን አባ ጀውሃር ከኋላ ተነሡ።

«እ... እኔ ላድርግ» አሉ።

አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ አንዳንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ። ኢማሙ ሸህ ሚፍታህ ግን ሰው ማሳፈር የማይወዱ ዓሊም ነበሩና፣ «ፍላጎትዎ ትልቅ ነው። የዙህሩን አዛን ይሞክሩት» አሏቸው።

ቀትር ላይ ወደ መስጊዱ ማማ ወጥተው ሞከሩት። «አላሁ አክበር» የሚለውን ተክቢራ እንደምንም አወጡ፣ የምስክርነቱን ቃል ሸሃዳውንም ጨረሱ። «ሐይየ»፣ ማለትም «ኑ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ነገሩ ቆመ። «ሐ... ሐ... ሐ...» ፊታቸው ቀላ፣ የአንገታቸው ሥር ተገተረ፣ ቃሉ አልወጣም አለ። ግቢው በሳቅ ተሞላ። በመጨረሻ አንድ ወጣት ወጥቶ የቀረውን ጨረሰላቸው፤ አዛኑም ለጊዜው ለእሱ ተተወ። አባ ጀውሃር ላባቸውን ጠራርገው ወረዱና ሰልፍ ውስጥ ገብተው ሰገዱ።

ከሰላት በኋላ ሐጂ ዘይኑ መንገዳቸው ላይ ቆሙ። ሐጂ ዘይኑ በከተማይቱ ቃላቸው የሚሰማ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው።

«አባ ጀውሃር፣ ሰው የተሰጠውን ማወቅ አለበት» አሉ። «ለእርስዎ አላህ የሰጠዎት ኮርቻ ነው። አዛን መቀለጃ አይደለም።»

ንግግሩ ከሳቁ ይልቅ አመማቸው። «እ... እውነት ብለዋል፤ መቀለጃ አይደለም። ስለዚህ ተ... ተምሬ እመለሳለሁ» ብለው አለፉ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ግን እግራቸው ከብዷቸው ነበር። ባለቤታቸው እሜት ዘምዘም ከቤታቸው ሰገነት ላይ ሆነው ሁሉን እንደሰሙ ያውቃሉ። ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ እያሉ ገቡ። እሜት ዘምዘም ቀዝቃዛ ውሃ አቀረቡላቸውና አጠገባቸው ተቀመጡ።

«ግማሹን ሰምቻለሁ። ደስ ይላል» አሉ። «ሌላውን ግማሽ መቼ ነው የሚያሰሙን?»

አባ ጀውሃር ውሃው ትን እስኪላቸው ሳቁ። እሜት ዘምዘምም ሳቁ። የዚያን ቀን ሐዘን በዚያው አበቃ።

በማግስቱ ጠዋት አባ ጀውሃር ወደ ሸህ ሲራጅ ቤት ሄዱ። ሸህ ሲራጅ ድምፃቸው ከጠፋ ወዲህ ከመደባቸው ላይ ብዙም አይነሡም፤ ሰው ሲጠይቃቸውም በእጃቸው አሰናብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር።

«ሸሆቼ፣ እኔ ድ... ድምፅ አለኝ፣ ምላስ የለኝም» አሏቸው አባ ጀውሃር። «እርስዎ ምላስ አለዎት፣ ድምፅ የለዎትም። ሁለታችን ብ... ብንደመር አንድ ሙአዚን አይወጣንም?»

የሸህ ሲራጅ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሏቸው አባ ጀውሃር ደነገጡ፤ ሸሁ ግን ድምፅ በሌለው ሳቅ እየሳቁ ነበር። ከዚያም ምርኩዛቸውን ፈለጉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዙህር ሰግደው ከከተማ ይወጣሉ። አፋፉ ላይ ካለው ሰፊ ድንጋይ ላይ ሆነው ይለማመዳሉ፤ የከሰዓት በኋላው ሰላት ዐስር ሲደርስም አባ ጀውሃር አዛን ብለው ሁለቱ እዚያው በጀመዓ ይሰግዳሉ። ሸህ ሲራጅ መዳፋቸውን የአባ ጀውሃር ደረት ላይ ያደርጉና ያንሾካሹካሉ።

«ፊደሏን አይግፏት። ሐ ትንፋሽ ናት። መጀመሪያ ይተንፍሱ፤ እሷ ራሷ ተከትላ ትወጣለች።»

ነገሩ ለመናገር ቀላል ነበር። አንዳንድ ቀን «ሐይየ» እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ በማግስቱ ደግሞ የመጀመሪያዋ «አላሁ» እንኳ አልወጣም ትላለች። አባ ጀውሃር ቤታቸው ገብተው ቆዳ ሲሰፉ፣ ክሩን በሳቡ ቁጥር እየተነፈሱ ይለማመዳሉ። ነቢዩ ሙሳ «የምላሴን ቋጠሮ ፍታልኝ» ብለው ጌታቸውን የለመኑትን ዱዓ ከሰላታቸው አይለዩትም። በገደሉ ሥር የሚያልፉ ነጋዴዎች መጨረሻ የሌለው አዛን እየሰሙ ይሳሳቁ ነበር። አንድ ቀን ግን አንዱ ጭነቱን አራግፎ እታች ካለው ወንዝ ዳር ለሰላት እየታጠበ ውዱእ ሲያደርግ ታያቸው። ሰግዶ ሲጨርስ ቀና ብሎ፣ «አባቴ፣ የሰላቱን ወቅት ረስቼው ነበር፤ ጀዛከላህ፣ አላህ ይመንዳዎ!» ብሎ ጮኸ። አባ ጀውሃር ያን ቀን ወደ ቤታቸው የገቡት እንደ ልጅ እየፈነደቁ ነው።

ከባድ ቀንም ነበር። አንድ ጊዜ ከዙህር እስከ ዐስር ታግለው አንዲት ቃል አልሆን ብትላቸው በትራቸውን ወርውረው ተቀመጡ። ሸህ ሲራጅ ጎንበስ ብለው፣ «ነገ ይቅርብን?» ሲሉ ጠየቋቸው።

አባ ጀውሃር ሄደው በትራቸውን አነሡ። «ለምን ይቀራል? ዛሬ ያ... ያልወጣችው ነገ ትወጣ ይሆናል። እኛ ሳንመጣ ብትወጣ ማን ይሰማታል?»

ክረምቱ አልፎ በጋ ሆነ፤ በጋውም አልፎ ሌላ ክረምት መጣ። ያም ክረምት በወጣ ጊዜ፣ በአንድ ጁሙዓ ቀን ሸህ ሲራጅ ምርኩዛቸውን ይዘው ኢማሙ ዘንድ ቀረቡና፣ «ተማሪዬን ይፈትኑልኝ» ብለው አንሾካሾኩ። ሸህ ሚፍታህ ፈገግ ብለው ወደ ማማው አመለከቱ።

መስጊዱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሐጂ ዘይኑ ፊታቸውን አጨፈገጉ። አባ ጀውሃር ደረጃውን ወጡ። ተክቢራውን አወጡ። ሸሃዳውን አወጡ። ከዚያ ዝም አሉ።

ወደ ላይ የተንጋጠጠውን ፊት ሁሉ አዩት። ወዲያው ከበሩ አጠገብ ሸህ ሲራጅን አዩዋቸው። ሸሁ መዳፋቸውን የራሳቸው ደረት ላይ አድርገው በዝግታ ይተነፍሱ ነበር። አባ ጀውሃርም ተነፈሱ።

«ሐይየ ዐለስ ሰላህ!»

ድምፃቸው ከማማው ወርዶ በገበያው፣ በጣሪያው፣ በገደሉ ላይ ተዘረጋ። ወፍራም፣ የሞቀ፣ የሚያባብል ድምፅ ነበር። «ሐይየ ዐለል ፈላሕ!»፣ ወደ ፈላሕ ኑ፣ ባሉ ጊዜ ጎልማሶች እንባቸውን ሲጠርጉ ታዩ። አዛኑ አብቅቶ ገና ጸጥታው ሳይደፈርስ፣ ከአንድ ሰገነት ላይ ረጅም እልልታ ተሰማ። እሜት ዘምዘም ነበሩ። ሌላውን ግማሽ ሰሙ።

ከሰላት በኋላ ሐጂ ዘይኑ ቀረቡ። «አፉ ይበሉኝ። ቃሌ ክፉ ነበር» አሉ።

«አፉ ብያለሁ። እኔም ከታች ሆኜ ብ... ብሰማው እስቅ ነበር» አሉ አባ ጀውሃር፤ ሁለቱም ሳቁ።

«ግን ያ ሁሉ ሰው ከሳቀብዎት በኋላ፣ እንደገና ለመውጣት ምን አደፋፈረዎት?» ሲሉ ሐጂ ዘይኑ ጠየቁ።

አባ ጀውሃር እንዲህ አሉ፦ «ወደ ፈላሕ ና ተ... ተብያለሁ፤ መንገድ ላይ ብትደናቀፍ ተመለስ ግን አልተባልኩም።»

ፈላሕ ስኬት ነው፤ የዚህኛው ዓለምም የወዲያኛውም። ጥሪው በየቀኑ በጆሯችን ይገባል፤ አንደበታቸው የተፈታ ብቻ ይምጡ ሲል ግን ሰምተን አናውቅም። አባ ጀውሃር ከዚያ ወዲያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሙአዚን ሆነው ኖሩ፤ ሸህ ሲራጅም ከመደባቸው ተነሥተው ሌሎችን ማስተማር ያዙ። ይሁንና አባ ጀውሃር ገበያ ወጥተው ቆዳ ሲገዙ እስከ መጨረሻው ይንተባተቡ ነበር። ጌታቸው ቋጠሮውን ሁሉ አልፈታላቸውም፤ በቋጠሮው አጠገብ የሚያልፉበትን ትንፋሽ ሰጣቸው። ብዙዎቻችን ግን ቋጠሯችን እስኪፈታ ደጅ ቆመን እንጠብቃለን። እሳቸው እየተንተባተቡ ገቡ፤ ገብተውም ሌላውን ሁሉ ጠሩ።