አሻጋሪው እና የልጁ ስልክ

አንድ ሰው አሻጋሪ ነበር። ታሪኩን ከሰማሁት ቆይቷል፤ የወንዙን ስም ረስቼዋለሁ፤ የሴት ልጁንም ክፍል ብሳሳት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዋናውን ነገር ግን አልረሳሁትም።

ይህ ሰው በክረምት ወንዙ ሲሞላ ገበያተኛና ተማሪ ያሻግር ነበር። መጀመሪያ የውኃውን ጥልቀት በዱላው ይለካል። ከዚያ የሕፃኑን እጅ ይዞ ከላይ በኩል፣ ጎርፉ በሚመጣበት ጎን ይቆማል። ግንድም ቢመጣ ድንጋይም፣ አስቀድሞ እሱን ይምታ ብሎ ነው። አንድም ልጅ ውኃ ወስዶበት አያውቅም።

ልጁ ትርንጎ ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ስታልፍ ስልክ ገዛላት። እሱ ስለ ስልክ የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ «የተማረችው እሷ ናት» ብሎ ሰጥቷት ወደ ወንዙ ሄደ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሐሙስ ቀን፣ እናቷ በደብተር ቦርሳዋ ውስጥ የታጠፈ ልብስ አገኘች። ትርንጎ ስትጠየቅ አልዋሸችም። በስልኳ የተዋወቀቻት አንዲት ሴት ከተማ ውስጥ ሥራ አግኝታላታለች። ቅዳሜ መናኸሪያ ትጠብቃታለች። ለቤተሰብ እንዳትናገር ደግሞ አደራ ብላታለች።

እናቷ ስልኩን ነጠቀቻት። «ይኸው ያንተ ስጦታ» አለችው ባሏን። «አሁኑኑ በድንጋይ ነው የምከሰክሰው።»

አሻጋሪው ስልኩን ከሚስቱ እጅ ተቀበለና «ወንዝ ሞላ ብዬ ወንዝ ደፍኜ አውቃለሁ?» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። የሰውን ልጅ እጁን ይዤ እያሻገርኩ የራሴን ልጅ ብቻዋን ሰደድኳት።»

ወደ ትርንጎ ዞረ። «ነይ የኔ እናት፣ አጠገቤ ቁጭ በይ። ሴትዮዋን አይተሻታል?»

«ፎቶዋን አይቻለሁ።»

«ድምጿንስ?»

«አይ፣ መጻፍ ነው የምትወደው።»

«እንግዲያው ጥልቀቷን በዱላ እንለካት። ደውዪና አባቴ ሊያመሰግንሽ ይፈልጋል በያት።»

ትርንጎ ሳቋ መጣ። «አንተ ደግሞ አባዬ፣ ስልኩን እንደ ወንዝ ልትለካው ነው?»

«ሌላ ምን አውቃለሁ ብለሽ ነው?»

ስልኩን ተቀብላው ደወለች፤ የሚያነሳ የለም። «አባቴ ሊያነጋግርሽ ይፈልጋል» ብላ ጻፈች። ብዙም ሳይቆይ ሴትዮዋ ዘጋችባትና ስሟም ፎቶዋም ከስልኩ ላይ ጠፋ። ትርንጎ ባዶውን ቦታ ስታይ ቆየችና የአባቷን ክንድ ያዘች። ከዚያ ተነሥታ የታጠፈውን ልብስ ራሷ ወደ ሣጥኑ መለሰችው።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ስልኩን አብረው ማየት ጀመሩ። እሷ አሠራሩን ታሳየዋለች፤ እሱ ይጠይቃታል። ይህን ሰው ማን ያውቀዋል? ለአባትሽ አትንገሪ የሚልሽ ለምንድን ነው? ይህ ፎቶ አንዴ ከሄደ መመለስ ይቻላል?

ወዳጆቼ፣ ለልጅ ስልክ መስጠት ክፉ አይደለም፤ ክፉው ሰጥቶ ከዳር መቅረት ነው። «እኔ አላውቅበትም» ማለት ከኃላፊነት አያወጣንም። አሠራሩን ልጁ ያውቃል፤ የሰውን ተንኮል ግን እኛ በዕድሜ ለይተነዋል። ሁለቱ እውቀቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ልጅ የሚሻገረው። የእርስዎ ልጅ ዛሬ ሲሻገር እርስዎ በየት በኩል ቆመዋል?

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ባለፈው የሐምሌ አቦ ዕለት ነው። አባትየውም ስልክ ይዟል አሉ። የማያውቀው ሰው «ሽልማት ደርሶሃል» ብሎ ሲጽፍለት፣ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት ልጁን ይጠራል። እሷም መጥታ አጠገቡ ትቆምና «ቆይ አባዬ፣ መጀመሪያ ዱላ» ትለዋለች።