ዋጋው ያልተጻፈበት ጫማ

አንዲት ሴት የሕፃናት ዕቃ ትሸጥ ነበር። ሱቅ የላትም፤ ሱቋ ስልኳ ነው። ጋሪ፣ ማዘያ፣ ጡጦ፣ የሕፃን አልጋ፣ ብቻ ልጅ የወለደ ሰው የሚያምረውን ሁሉ አሳምራ ፎቶ ታነሳና ገጿ ላይ ትለጥፋለች። ከሥሩ ምን ብላ ትጽፋለች? እናንተም ታውቁታላችሁ። «ለዋጋ በኢንቦክስ ያናግሩን።»

ለምን እዚያው ዋጋውን አትጽፈውም? ዋጋው ገና አልተወሰነማ። የሚወሰነው ጠያቂው ከመጣ በኋላ ነው።

እስቲ አሠራሯን ላጫውታችሁ። አንዲት እናት «ጋሪው ስንት ነው?» ብላ ትጽፋለች። ሴትዮዋ መልስ ከመስጠቷ በፊት የጠያቂዋን ፎቶ ትከፍታለች። አንገቷ ላይ ወርቅ አለ? ይጨመር። ከኋላዋ መኪና ቆሟል? ይጨመር። ፎቶው የተነሳው ውጭ አገር ነው? ኧረ እሱማ በደንብ ይጨመር። ፎቶው የደበዘዘ፣ ልብሱም የነተበ እንደሆነ ደግሞ «ይቅርታ፣ አልቋል» ትላለች። ድሃ ብዙ ይከራከራል፤ ጊዜ ይፈጃል።

ክፉ ሴት ናት? አይደለችም። ትርሲት እንበላት። ትርሲት አዳማ የምትኖር፣ ለጎረቤት ደራሽ፣ ለቅሶ የማታጎድል፣ እሁድ እሁድ እንደ እናንተ እዚህ ቤተ ክርስቲያን የምትቀመጥ ሴት ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው፤ የቤቱን ጎዶሎ የምትሞላው እሷ ናት። «ሰው እንደ አቅሙ ቢከፍል ምን ነውር አለው? የማንንም ኪስ አልገባሁ፤ ወዶ ነው የከፈለኝ» እያለች ልቧን ታሳርፋለች። እኛስ ልባችንን የምናሳርፍበት እንዲህ ያለ ወሬ የለንም?

ታዲያ ትርሲት ሴት ልጅ ወለደች። ኤልዳና አለቻት። ልጅቷ ጤነኛ ናት፤ ታምራለች፤ እግሮቿ ግን ሁለቱም ወደ ውስጥ ዞረው ነበር። ሐኪሙ «አይዞሽ፣ ይስተካከላል» አላት። እውነቱን ነው። በየሳምንቱ ጂፕስ የሚሉት ጄሶ እየታሰረ፣ እየተፈታ፣ እንደገና እየታሰረ፣ እነዚያ ጣት የሚያህሉ እግሮች ቀስ በቀስ ቀና አሉ። ልጅቷ ስታለቅስ እናት አብራ አለቀሰች። ልጅ አስታማችሁ የምታውቁ ይህን አትረሱትም።

የመጨረሻው ጂፕስ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሐኪሙ ጠራት። «ጂፕሱ እንደተፈታ ልዩ ጫማ ታደርጋለች። ሁለት ትንንሽ ጫማዎች ናቸው፤ መሃላቸውን አንድ ዘንግ ያያይዛቸዋል። ያለ እሱ መሰንበት የለባትም፤ እግሯ ወደ ነበረበት መመለስ ይጀምራል። የእሷ ልክ እኛ ጋ አልቋል፤ ታዟል፤ እስኪመጣ ግን አንቺም ፈልጊ» አላት።

ያ ሁሉ ለቅሶ፣ ያ ሁሉ ምልልስ በአንድ ጫማ ምክንያት ከንቱ ሊቀር ነው። ትርሲት ከተማውን አዳረሰችው። የለም። አዲስ አበባ ስልክ ደወለች። የለም። ሲጨንቃት ወደምታውቀው ገበያ ተመለሰች፤ ስልኳን ከፈተች።

እየፈለገች ሳለ የልጆች ጫማ የሚሸጥ የአንድ ሰው ገጽ ላይ ደረሰች። ሰውየው ደምሰው ይባላል፤ ሱቁ እዚያው አዳማ፣ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ነው። የእሱ ገጽ አስገረማት። እያንዳንዱ ጫማ ሥር ዋጋው በግልጽ ተጽፏል። ለሚጠይቀውም ለማይጠይቀውም፣ ባለ ወርቅ ለሆነውም ላልሆነውም ያው አንድ ዋጋ። «ምስኪን፣ ንግድ አያውቅም» አለች።

ወደ ታች ወረድ ስትል ግን ልቧ ዘለለ። ሁለት ትንንሽ ጫማዎች፣ መሃላቸው ዘንግ። የሐኪሙ ጫማ። ከሥሩ ስትመለከት ዋጋ የለውም። «ይህ የሚያስፈልጋችሁ እናቶች በኢንቦክስ አናግሩኝ» ይላል።

ትርሲት ጣቷን ነከሰች። ሌላውን ሁሉ ዋጋ ጽፎ ይህን ለምን አልጻፈም? ለእሷ ይህ እንቆቅልሽ አይደለም፤ የራሷ ሙያ ነው። «እዚህ ጋ ነው የሚበላው። የልጅ እግር ነው፤ የተጠየቀው ሁሉ ይከፈላል። አወቅሁብህ» አለች።

እና ምን አደረገች መሰላችሁ? ከመጻፏ በፊት የራሷን ፎቶ ቀየረች። ባለ ወርቅ የጆሮ ጌጡን፣ በሠርግ ቀሚስ የተነሳችውን አወረደችና ጭንቅላቷን በሻሽ አስራ፣ ግድግዳ ተደግፋ፣ ቅስሟ የተሰበረ ሰው መስላ አዲስ ፎቶ ተነሳች። ከዚያ ጻፈች። «ወንድሜ፣ ምንም የሌለኝ ድሃ እናት ነኝ። ለዚህ ጫማ ስንት ይሉኛል?»

መልሱ መጣ። ዋጋ አይደለም። «የልጅሽ እግር ስንት ሳንቲሜትር ነው? ጂፕሱ የሚፈታው መቼ ነው? አንድ እግሯ ነው ሁለቱም?»

መለሰችለት። እናት ናትና ሁሉንም ታውቀዋለች። ስለ ተረከዟ፣ ስለ ጣቶቿ፣ የትኛው እግር ቶሎ እንደቀና፣ የትኛው እንዳስቸገረ ሳይጠይቃት ጻፈችለት። «ልኳ ይሆናል። ነገ ልጅቷን ይዘሽ ነይ፤ እንለካዋለን» አላት። ስለ ገንዘብ አንዲት ቃል የለም። ትርሲት ይበልጥ ፈራች። ዋጋ የማይናገር ነጋዴ ምን ያህል ሊጠይቅ እንዳሰበ እሷ ታውቃለች።

በማግስቱ ልትሄድ ስትነሳ የሠራተኛዋን የብርቄን ሹራብ ለመነቻት። ብርቄ ግራ ገባት። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ክርኑ ተቀዷል። እንዴት ለብሰውት ይወጣሉ?» አለቻት። «ስለተቀደደ ነው የፈለግሁት» አለች ትርሲት። ብርቄ ሹራቧን አውልቃ ሰጠቻትና እየሳቀች ወደ ጓዳ ገባች።

አትሳቁባት። እናንተ ብትሆኑ ለልጃችሁ ከዚህ የባሰ አታደርጉም?

ሱቁ ደረሰች። ደምሰው ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሕፃኗን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ጫማውን ለካላት። ልክ ሆነ። የዘንጉን ርቀት አስተካከለ፣ ማሰሪያውን ሳብ አድርጎ አየው። ኤልዳና ትንሽ ተነጫነጨችና ዝም አለች።

ትርሲት ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲህ ስንት ነው የሚሉኝ? እንደሚያዩኝ ነኝ» አለች።

«አይሸጥም» አላት። «የልጄ ጫማ ነበር። እሱ ሲያድግ ለሌላ ልጅ ሰጠነው፤ ያቺም ስታድግ መለሱልን። ልጅሽ ሲጠባት ትመልሽዋለሽ፤ ሌላ የሚጠብቅ ልጅ አይጠፋም።»

«ታዲያ ለምን ነፃ ነው ብለው አይጽፉም?»

«ጽፌ ነበር። ወላጅ ነን ያሉ ነጋዴዎች ሌላ የነበረንን ጥንድ ወስደው ሸጡት። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ ስለ እግሩ እጠይቃለሁ። ወላጅ ያልሆነ ሰው እንዳንቺ አድርጎ አይመልስም» አላት።

ከዚያ ቀና ብሎ ፊቷን አየና ፈገግ አለ። «ጋሪ ደጃችን ድረስ ይዘሽልን የመጣሽው አንቺ አይደለሽ? ሰናይት ባለቤቴ ናት። ልጃችን በዚህ ጫማ ታስሮ መታቀፍ ሲያስቸግረን ያ ጋሪ ነው ያሳረፈን። ዛሬም ይሠራል። እግዚአብሔር ይስጥሽ።»

ትርሲት ሰናይትን አስታወሰቻት። ፎቶዋ በትልቅ ሆቴል፣ አንገቷ ላይ ወፍራም ወርቅ አድርጋ የተነሳችው ናት። ወርቁ ግን የሷ አልነበረም፤ ለካ ለእህቷ ሠርግ ሚዜ ሆና ተውሳ ነው። ዕቃውን ልታደርስ የሄደች ዕለት ቤታቸውን አይታ ገብቷት ነበር። አንድ ክፍል ቤት። በሩ ላይ ቆማ፣ ሁሉን እያየች፣ ያንን የተጨመረ ዋጋ ዓይኗን በጨው አጥባ ተቀብላ ሄዳለች።

አሁን ያ ሰው ጋሪሽ አሳረፈን ብሎ ያመሰግናታል። በተቀደደ ሹራብ ፊቱ ቆማ ሳለ። ፊቷ ቀላ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። «ካወቁኝ ታዲያ እንደሌለኝ ሆኜ እንደመጣሁም አውቀዋል። ለምን ይሰጡኛል?» አለችው።

«እህቴ፣ የጠየቅሁሽ ስለ እግሯ ነው። ስለ እግሯ የነገርሽኝ ደግሞ እውነት ነው» አላት።

ትርሲት እዚያው አለቀሰች። ሐኪም ቤት ካለቀሰችው ለቅሶ የተለየ ነው። ማልቀሷን ስትጨርስ «ባለቤትዎን ላገኛት እፈልጋለሁ» አለችው፤ ያስበለጠችባትንም ገንዘብ ይዛ ሄዳ አገኘቻት። ሰናይት ምን እንዳለቻት ሁለቱ ያውቃሉ።

ቤቷ ገብታ ፎቶዋን ከመለሰች በኋላ ገጿ ላይ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ከፍታ ከሥራቸው ዋጋ መጻፍ ጀመረች። ይህ ቀላል ይመስላችኋል? አይደለም። ዋጋ ስትጽፍ ለዱሮ ደንበኞቿ ሁሉ ምስጢሯን እያወጣች ነው። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴት እዚያው በአደባባይ ጻፈችባት። «ይህንን አልጋ ለእኔ በዚህ ዋጋ ነበር እንዴ የሸጥሽልኝ?» አንድ ጊዜ ብትነካው ይጠፋል። ማንም ሳያየው ይጠፋል። ትርሲት አላጠፋችውም። «አይደለም፤ አስበልጬብሽ ነበር። ይቅር በይኝ፤ ትርፉን እመልስልሻለሁ» ብላ ሰው ሁሉ በሚያነብበት ቦታ መለሰች።

ሽያጯ ለጊዜው ቀነሰ፤ ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም። የተቆጡም፣ ገጿን ትተው የሄዱም አሉ። ኤልዳና ግን እግሯ ቀንቶ ቆመች። ጫማው ሲጠባት ትርሲት ማሰሪያውን ለጫማ ሰፊ ሰጥታ አሳድሳ፣ አጥባ፣ ራሷ ተሸክማ መለሰችው።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ከመካከላችሁ በስልክ የምትነግዱ አላችሁ። ቪዲዮ እየሠራችሁ የምትኖሩ ልጆች አላችሁ። ሥራችሁን አልነቅፍም፤ ላባችሁ ነው፤ ቤተሰብ የምታስተዳድሩበት ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ያ «ተከታይ» የምትሉት ቁጥር ማነው? ሕፃን አዝሎ በአንድ እጁ የሚጽፍላችሁ ሰው አይደለም? «ጉድ ተሰማ» ብላችሁ ርእስ ስትሰጡ፣ ውስጡ ምንም ሳይኖር የሰውን ካርድ ስታስጨርሱ፣ ያስጨረሳችሁት የማንን ነው? አልቅሳችሁ ስጦታ ስትለምኑ፣ የሚልክላችሁ ማን እንደሆነ አስባችሁ ታውቃላችሁ? በሰው ቤት እየሠራች ከደመወዟ ቆርሳ ቢሆንስ?

የማትነግዱትም አላመለጣችሁም። እግዚአብሔር ፊት ስንቆም ፎቶ የማንቀይር ማን አለ? ስንፈልግ ጻድቅ መስለን፣ ስንፈልግ ምስኪን መስለን፣ የሰው ሹራብ ተውሰን እንመጣለን። ዋጋውን ለማስቀነስ እንከራከራለን። እሱ ግን ያውቀናል። ደጁ ድረስ ሄደን ያደረግነውን ያውቃል። ዐውቆንም ስለ ቁስላችን ይጠይቀናል፤ ስለ ቁስላችን እውነቱን ስንነግረው ይሰጠናል። በምን ዋጋ? ንገሩኝ፣ ዛሬ ጠዋት በነቃችሁበት እስትንፋስ ሥር ዋጋ ተጽፎ ነበር? የልጃችሁን ትኩሳት ሲያበርድላችሁ መጀመሪያ ምን እንደለበሳችሁ አይቷል?

አላየም። ለዚህ ነው ዛሬ እዚህ ቁጭ ብለን የምንዘምረው። ምስጋና ከዚህ ሌላ ምክንያት የለውም። ባልከፈልነው ዋጋ ኖረናል፤ ዛሬም እየኖርን ነው።

ስለዚህ የተደረገልህን አስበህ ሽጥ። የተደረገልሽን አስበሽ ዋጋሽን ጻፊ። ያጭበረበርከው ካለ ጻፍለት፤ ያስበለጥሽበት ካለ መልሺለት። ይህ ቅጣት አይደለም፤ ትርሲትን ጠይቋት፣ ያን ቀን ያለቀሰችው ለቅሶ ያሳረፋት ነው።

አሁን ተነሱ፣ እንጸልይ። እግዚአብሔርን እዚህ በአፋችን እናመሰግነዋለን፤ ነገ ግን ምስጋናችንን የሚያነበው ደንበኛችን ነው።