ማንዋሉን በቃሉ የሚያውቀው ሰው

አንድ ሰው ነበር። ስሙን አልነግራችሁም፤ ዛሬም በሕይወት አለ፣ ታሪኩን እንድናገር የፈቀደልኝም ስሙን እንድተውለት ለምኖኝ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ የመጋዘን ሠራተኛ ነው። ሰብለ የምትባል ሚስት አለችው፤ ቤዛዊት የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለችው፤ አንዲት ትንሽ ነጭ የቤንዚን መኪናም ነበረችው።

ይህ ሰው ስለዚያች መኪና ሞተር የማያውቀው ነገር አልነበረም። ሺህ ሦስት መቶ ሲሲ! አራት ሲሊንደር! አሥራ ስድስት ቫልቭ! ዘይቷ ሦስት ሊትር ተኩል፣ የራዲያተሯ ውሃ አራት ሊትር ተኩል። የካንዴላዋ ክፍተት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል። ከመኪናዋ ጋር የመጣውን መመሪያ ከዳር እስከ ዳር በቃሉ ይዞታል። የሰፈሩ ሰው “ማንዋሉ” ይለው ነበር። መኪና ለመግዛት ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ እሱን ነው የሚያማክረው።

“ይህ ሞተር” ይላል፣ “በደንብ ከተያዘ ሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይከፈት ይሄዳል።”

በደንብ ከተያዘ! ሰማችሁ? በገዛ አፉ ነው የተናገረው።

እትዬ ይመኙሻል የሚባሉ ጎረቤት ነበሩት። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ለየሱቁ እንቁላል እያከፋፈሉ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። መንጃ ፈቃድ ያወጡት ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። መኪናቸውን የመረጠላቸው እሱ ነው፤ የራሱን ዓይነት፣ በዚያው ዓመት የተሠራች፣ ያው ሞተር።

“ልጄ፣ እኔ ስለ ሞተር የማውቀው የለኝም። ምን ላድርግ?” አሉት።

ነገራቸው። “በየአምስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይቱንና ፊልትሮውን ያስቀይሩ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ዘይቱንም የራዲያተሩንም ውሃ ይዩ። ከመኪናው ሥር ጠብታ ካዩ ነገ አሠራዋለሁ አይበሉ። የሙቀቱ መርፌ ከመሃል ካለፈ ደግሞ ይቁሙና ሞተሩን ያጥፉ።”

እትዬ ይመኙሻል የእንቁላል ካርቶን ቀደዱና በመሠረተ ትምህርት በተማሩት ትልልቅ ፊደል ጻፉት። መሪው አጠገብ ለጠፉት።

እሱስ?

እሱማ ዓመት ከስምንት ወር ዘይት አልቀየረም። ከመኪናው ሥር አረንጓዴ ጠብታ ነበር፤ አይቶታል። ሰብለም አይታ “ይህ ምንድን ነው?” ብላ ጠይቃዋለች።

“የውሃ ፓምፑ ነው። ሲያረጅ እንዲህ ያንጠባጥባል” ብሎ አስረዳት።

አያችሁ ወገኖቼ? አስረዳት! አላሠራውም፤ አስረዳት። አንዳንድ ቀን ውሃ ይጨምርበታል፣ አንዳንድ ቀን ይረሳዋል። ሰው የሚያውቀውን ነገር ያደረገው ይመስለዋል።

አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ቤዛዊት ሆዷን ይዛ ወደቀች። ጤና ጣቢያ ወሰዷት። “ትርፍ አንጀት ነው፤ አሁኑኑ ደሴ አድርሷት። ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል” ተባሉ። አምቡላንሱ ወላድ ይዞ ሄዷል። “መኪና አለኝ!” አለ አባት። ልጁን ከኋላ እናቷ ጭን ላይ አስተኝቶ ተነሣ።

ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ግማሹን እንደወጡ መርፌው መውጣት ጀመረ።

“ያ ነገር ለምንድን ነው የሚወጣው?” አለች ሰብለ።

ለምን እንደሆነ ያውቃል። ምን ማድረግ እንዳለበትም ያውቃል። “ትንሽ ነው የቀረን” አላትና ነዳጁን ረገጠው።

ሞተሩ እንደ መዶሻ መንኳኳት ጀመረ። ከዚያ ዝም አለ። መኪናዋ ዳገቱ ላይ ቆመች፤ እንፋሎቱ መስተዋቱን ሸፈነው። ወርዶ ቦኔቱን ከፈተ። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ ሲስበው ጫፉ ላይ ብቻ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ነገር ተጣብቋል። የራዲያተሩ ውሃ አልቋል። ከበድ ያሉ የጭነት መኪኖች እያጓሩ አለፉ። ሚኒባሶች ሞልተው አለፉ። ልጅቱ ትጮኻለች።

“ለእትዬ ይመኙሻል ደውል!” አለች ሰብለ። ደወለ።

እየጠበቁ ሳለ ጩኸቱ ቆመ። ቤዛዊት ዓይኗን ገለጠች። “አባዬ፣ ተሻለኝ” አለችው።

ተሻለኝ! አባትና እናት መንገድ ዳር ተንበረከኩ። እጃቸውን ዘርግተው አመሰገኑ።

እትዬ ይመኙሻል ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ደረሱ። ለሱቅ የጫኑትን እንቁላል እንኳ አላራገፉም ነበር። ትሪ በትሪ እያወረዱ መንገዱ ዳር ሣሩ ላይ ትተውት፣ ልጅቷን አስገብተው ዳገቱን ተያያዙት።

አባት ከፊት ተቀምጧል። ዓይኑ መርፌው ላይ ነው። መርፌው ከመሃል ንቅንቅ አይልም። ያው ዳገት። ያው ዓመት። ያው ሞተር!

“እትዬ” አለ፣ “ይህችን መኪና የሚይዝልዎት የትኛው መካኒክ ነው?”

ዞር ብለው አዩት። “ምን ማለትህ ነው ልጄ? አንተው ያልከኝን ነዋ የማደርገው! ሌላ ምን አውቃለሁ?” በጣታቸው ካርቶኑን አሳዩት። የገዛ ቃሉ ነው። ከዚያ በየዋህነት፣ ሊያቆስሉት ሳያስቡ፣ “ያንተዋ ግን ምን ሆና ነው? አንተ እያለህ!” አሉት።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሐኪሙ የልጅቱን ሆድ ነካና ፊቱ ተለወጠ። “ሕመሙ መቼ ነው የተዋት?”

“መንገድ ላይ፣ መኪናው ሲቆምብን። ተሻለኝ አለች፤ ፈጣሪን አመሰገንን።”

“ያኔ ነው ትርፍ አንጀቱ የፈነዳው” አለ ሐኪሙ።

ሰብለ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ቤዛዊት ሁለት ጊዜ ተቀደደች። ሃያ ሦስት ቀን ተኛች። በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈች። አባቷ ግን ልጅቷን ልጠይቅ ብሄድ በሆስፒታሉ ኮሪደር ምን አለኝ መሰላችሁ? “የሐኪሙ ቃል አስደነገጠኝ፤ እውነት ነው። ከዚያ የባሰ ክው ያደረገኝ ግን ‘አንተ እያለህ’ የሚለው ነው። የተናገርኩትን የሰማች ሴት ዳገቱን ወጣች። ተናጋሪው ቀረሁ።”

ወገኖቼ፣ እናንተ ምን ታውቃላችሁ? ብዙ ታውቃላችሁ። ጾሙ መቼ እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ምጽዋት በስውር እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። ልጅን በቁጣ ማሳደግ ክፉ እንደሆነ ለጎረቤት ትመክራላችሁ። ጎረቤት ሰምቶ ልጁን አቅፎ ያድራል። የእናንተስ ልጅ? የእግራችሁን ኮቴ በር ላይ ሲሰማ ለምን ይሸሻል? ጠብታውን አይታችሁታል። ለሚስታችሁ አስረድታችኋል። አሠርታችሁታል ወይ?

“አሁንማ ሰላም ነው፤ ቤታችን ጸጥ ብሏል” የምትሉም አላችሁ። ጩኸቱ የቆመው ድኖ ነው? እስቲ ጠይቁ። ፈርታችሁም ቢሆን ጠይቁ።

ለእናንተ ብቻ የምናገር እንዳይመስላችሁ። ያ አባት ሲነግረኝ፣ ለስብከት ይሆነኛል ብዬ ብዕር አወጣሁ። እጄ ቆመ። ባለፈው ዓመት በዚሁ ቦታ ስለ ይቅርታ አስተማርኳችሁ። አንዲት እናት ሰምታ፣ ለአሥር ዓመት ካኮረፈቻት እህቷ ቤት ሄዳ ታረቀች። መጥታ እጄን ሳመች። “ጎሽ” አልኳት። እኔ ግን ከታናሽ ወንድሜ ከደምሰው ጋር በአባታችን ቤት ውርስ ተጣልተን ከተነጋገርን ስድስት ዓመታችን ነው።

“ጎሽ” አልኳት! በየትኛው አፌ?

ትናንት ደወልኩለት። አላነሣም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ባለማንሣቱ ደስ አለኝ። ደስ ማለቴ ደግሞ እስከ ዛሬ ጠዋት አስደንግጦኛል።

ከዚህ ስወርድ ስልክ አልደውልም፤ ቤቱ እሄዳለሁ። እናንተስ ከዚህ ስትወጡ የማንን በር ነው የምታንኳኩት?