በወንበር ላይ የወጣው ውሻ

በእንግሊዝ አገር አንድ የንጉሥ ሚኒስትር ነበረ። «የኔታ፣ ባለቤቴ ዝምታ አብዝታለች፤ ምን እንደሆነች ይጠይቁልኝ» ላልኸኝ፣ መልሱ እሱ ዘንድ ነውና ታገሠኝ።

ዘመኑ ሩቅ ነው፤ ሹማምንቱ ነጭ ሰው ሠራሽ ፀጉር ደፍተው ሸንጎ የሚቀመጡበት ዘመን። ይህ ሰው አንደበቱ የተባረከ ነበር። ለመናገር ሲነሣ፣ የሚያስለው ሰው እንኳ ሳሉን ዋጥ ያደርጋል። አገሩ ሁሉ «አባታችን» ይለዋል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ በእውነት አባቴ የምትለው አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረችው፤ እሷ ግን የምታየው ካባውን ደርቦ፣ የሸንጎ ንግግሩን እየተለማመደ ሲወጣ ብቻ ነው።

በዚያ ሸንጎ አንድ ሕግ አለ። ማንም ሰው ሌላውን ፊት ለፊት አያናግርም፤ በስሙም አይጠራውም። ንግግር ሁሉ ለአፈ ጉባኤው ነው። ለመሳደብ የፈለገ እንኳ «ክቡር አፈ ጉባኤ ሆይ፣ እኒያ የተከበሩ ሰው ተሳስተዋል» ብሎ ነው የሚሳደበው። ሕጉ ብልህ ነው፤ ጠብ ያበርዳል። ለትዳር ግን አይሆንም።

ሰውየው ይህን ልማድ ሳያውቀው ይዞት ቤቱ ገባ። ሚስቱ ማዕድ ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሳለች አሽከሩን «ሾርባው ቀዝቅዞባቸው እንደሆነ እመቤትህን ጠይቅልኝ» ይለዋል። እሷም «አልቀዘቀዘም በላቸው» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለ «አንቺ» የምትባለው ቃል ከዚያ ቤት ጠፋች።

በብርዱ ወራት ሴትዮዋን ደረቷን ያማት ጀመር። ሐኪሙ የከተማው ጭስ እንደማይስማማት፣ የተወለደችበት ገጠር እንደሚሻላት ተናገረ። እሷ ደግሞ ያለ ባሏ አልሄድም አለች። አሽከሩ ይህንኑ ለጌታው አደረሰ። ጌታውም «ሸንጎው ሲዘጋ አብረን እንሄዳለን በላቸው» አለ። ሸንጎው አልዘጋ አለ፤ ሳሉም አልለቃት አለ።

አንድ ቀን ማለዳ፣ በሸንጎው ትልቅ ነገር የሚወሰንበት ቀን ነበር፣ ሠረገላው ደጅ ቆሞ ሰውየው ካባውን ሲደርብ፣ ልጅቱ አሮጌ ውሻቸውን እየጎተተች አምጥታ ከእናቷ ጎን ባለው ወንበር ላይ አወጣችው። በዚያ አገር ውሻ እቤት ውስጥ ነው የሚኖረው፤ አትገረም። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ልክ እንደ አባቷ ቆመች።

«ክቡር አፈ ጉባኤ ሆይ» አለችው ውሻውን፣ «እናቴ ልትሞትብኝ እንደሆነ ያውቁ እንደሆነ እኒያን የተከበሩ ሰው ይጠይቁልኝ።»

ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየ። ልጅቱ እየቀለደች አልነበረም፤ ከአባቷ ጋር መነጋገር የሚቻለው እንዲህ ብቻ መስሏት ነው። ሸንጎ ሙሉ ሰው ያልረታው ሰው በትንሽ ልጁ ተረታ። ሄዶ ውሻውን አቅፎ አወረደውና በወንበሩ ላይ ራሱ ተቀመጠ። የሚስቱን እጅ ያዘ።

«አራቤላ» አላት፣ «በጣም አሞሻል እንዴ?»

ሴትዮዋ «አሞሻል» መባሏን ስትሰማ አለቀሰች። ስንት ጊዜ ሲያማት አላለቀሰችም ነበር።

ሠረገላው ወደ ሸንጎው መሄዱ ቀርቶ ወደ ገጠር አቀና። ጉዳዩ ያለ እሱ ተወሰነ፤ ሹመቱም ለሌላ ተሰጠ። ሴትዮዋ ዳነች ብልህ ደስ ባለኝ፤ አልዳነችም። ግን በዚያ በደጃቸው ያለው የፖም ዛፍ እስኪያብብ ድረስ ቆየች፤ እስከዚያም ሁለቱ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን እየተቀመጡ፣ ልጅቱን መሀል አድርገው ያላወሩት ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ልጄ፣ አንተ የወረዳ ሹም ነህ። ቀኑን ሙሉ የሰው አቤቱታ ስትሰማ ትውላለህ፤ እሰየው፣ ይባርክህ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ግን እንዳንተ ላለው ነው። ትናንት ባለቤትህ እዚሁ አንተ የተቀመጥህበት ቦታ ተቀምጣ «የኔታ፣ እባክዎ ይንገሩልኝ» ስትለኝ ነበር። ዛሬ አንተ መጥተህ «ይጠይቁልኝ» አልኸኝ። ምን እንዳለችኝ አልነግርህም። ሁለታችሁንም እወዳችኋለሁ፤ እናንተ ግን ያስቀመጣችሁኝ የውሻው ወንበር ላይ ነው። በል አውርደኝ። ቀጥ ብለህ ቤትህ ግባና «አንቺ» በላት።