ፊሽካ ካልተነፋ ጀልባ አይነሳም

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ ላም የለኝም። «የእምቢታ ሰንሰለት» በሉኝ።

ተረት ተረት!

እንግዲህ ስሙ።

ወርካ ዳር በምትባል የሐይቅ ከተማ ናርዶስ የምትባል ሙሽራ ነበረች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው። ሠርጉ እሁድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የእሷ ዘመዶችና የእጮኛዋ የይትባረክ ዘመዶች በአንድ ጀልባ ተሳፍረው፣ ደሴቷን አይተው እንዲመለሱ ፈለገች። ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ለምን ጀልባ? የቀለበቱ ዕለት ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ አዳራሽ ውስጥ የእሷ ወገን በግራ፣ የእሱ ወገን በቀኝ፣ እንደ ከሳሽና ተከሳሽ ተፋጠው ነበር የዋሉት። አንዱ ወገን ሲስቅ ሌላው ወገን «በእኛ ነው» ይላል። ያኛው ጸጥ ሲል ደግሞ ይኸኛው «አኮረፉ» ይላል።

«ጀልባ ላይ አዳራሽ የለም» አለች ናርዶስ ለታላቅ እህቷ ለሐመልማል። «እሁድም እንደዚያ ቀን ከተቀመጡ ዕድሜ ልካቸውን እንደዚያው ይቀመጣሉ። ነገ ልጅ ስወልድ ማን ሊጠይቀኝ ይመጣል? የማን ወገን ሲገባ የማን ወገን ሊወጣ ነው?»

የእንግዶቹ ጉዳይ በሐመልማል እጅ ነበር። ሁሉም አርብ ከሩቅ ይመጣሉ። የት እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚበሉ፣ እስከ እሁድ ምን እያዩ እንደሚውሉ የምታሰናዳው እሷ ናት።

«ጀልባ ብቻ?» አለች። «ተኚ። አለቀ በይው።»

በዚህች አገር ኖሮ ያልተጀመረን ነገር «አለቀ» የሚል፣ ወይ ሕፃን ነው ወይ ሐመልማል።

ሐሙስ በጠዋት ወደ ወደቡ ወረደች። እንግዶቹን ሁሉ በአንዴ የሚይዘው የስንሻው ጀልባ ብቻ ነበር።

«አላስነሳም» አለ ስንሻው፣ ሞተሩን በጨርቅ እየወለወለ።

«ጋሼ፣ ሠርግ እኮ ነው!»

«ሠርግ በመሆኑ ነዋ! ለቀስተኛ ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥልኛል። የሠርግ እንግዳ ከራበው ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ጀልባዬን ያናውጣል። ዘርፌ ደሴቷ ላይ ዓሣ ካልጠበሰች አላስነሳም።»

ሐመልማል ነጠላዋን አጣፋች። «እምቢታ በር ነው፤ በር ይንኳኳል» አለችና ሄደች።

ዘርፌ ዓሣ እየገፈፈች አገኘቻት። «እትዬ ዘርፌ፣ ስንሻው ጀልባ አላስነሳም አለ። ናርዶስም ከጀልባዋ ልትቀር ነው። እባክዎ ደሴቷ ላይ ዓሣ ይጥበሱልን።»

«አልጠብስም» አለች ዘርፌ። «ደሴቷ ላይ አንድ ዛፍ የለም። ከታች እሳት፣ ከላይ ፀሐይ! የሚጠበሰው ዓሣው ነው እኔ? የቦጋለ ድንኳን ካልተተከለልኝ አልጠብስም።»

«በር ይንኳኳል» አለች ሐመልማል፤ ሄደች።

ቦጋለ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ገመድ ያጠነጥናል። «ጋሽ ቦጋለ፣ ዘርፌ ዓሣ አልጠብስም አለች። ስንሻው ጀልባ አላስነሳም አለ። ናርዶስም ከጀልባዋ ልትቀር ነው። እባክዎ ድንኳንዎን ያውሱን።»

«አልነቅልም» አለ ቦጋለ።

«ተክለውታል ማለት ነው?»

«ኳስ ሜዳ ዳር ነው ያለው። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ለዋንጫ ሊጫወቱ ከተተከለ ቆየ። ፍጻሜውን ሳይጫወቱ ድንኳኑን ብነቅል እኔን ነው የሚነቅሉኝ። ልጆቹ ሜዳውን ከለቀቁ እነቅላለሁ። ካለዚያ አንድ ካስማ አልነካም።»

ስልኳ ጮኸ። ናርዶስ ናት። «ጀልባው እንዴት ሆነ?»

«ቦጋለ ድንኳን አልነቅልም አለ። ዘርፌ ዓሣ አልጠብስም አለች። ስንሻው ጀልባ አላስነሳም አለ።»

«ስለዚህ ቀረ?»

«ማን ቀረ አለሽ? እያንኳኳሁ ነው።»

ሜዳው ላይ ልጆቹ በሁለት ጎራ ተቀምጠው ይሰዳደባሉ። የላይ ሰፈር አምበል ምንተስኖት ተነስቶ መጣ።

«ምንተስኖት፣ ወንድሜ፣ ቦጋለ ድንኳን አልነቅልም አለ። ዘርፌ ዓሣ አልጠብስም አለች። ስንሻው ጀልባ አላስነሳም አለ። ናርዶስም ከጀልባዋ ልትቀር ነው። ዛሬውኑ ተጫወቱና ሜዳውን ልቀቁ።»

«አንለቅም፣ እታለም። እንዳንጫወት ዳኛ የለም።»

«ማንም ሰው ይዳኛችኋ!»

«ማንም ሰው ዳኝቶን ነበር። ማንም ሰው አሁን በክራንች ነው የሚሄደው።» ልጆቹ ሳቁ። «ላይ ሰፈርም ታች ሰፈርም የሚቀበሉት አንድ ሰው ብቻ ነው። መምህር ልሳኑ። እሳቸው ደግሞ ፊሽካ ካቆሙ ዘመን የለውም። እሳቸው ካልነፉ አንጫወትም፤ ካልተጫወትን አንለቅም።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ለእንግዶቹ ቴሌቪዥን ከፍቶ ይተዋቸው ነበር። በዚህች አገር እምቢ ያለ ሰው አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው «ለምን እምቢ አልክ?» ብሎ የጠየቀው ነው። ሐመልማል ግን ነጠላዋን እንደገና አጣፋች።

መምህር ልሳኑ ዩኒቨርሲቲ በማዕረግ ጨርሰው ታሪክ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ያነባሉ።

«መምህር፣ ልጆቹ ሜዳ አንለቅም አሉ። ቦጋለ ድንኳን አልነቅልም አለ። ዘርፌ ዓሣ አልጠብስም አለች። ስንሻው ጀልባ አላስነሳም አለ። ናርዶስም ከጀልባዋ ልትቀር ነው። እባክዎ አንድ ጨዋታ ይዳኙልን።»

«ፊሽካ አልነፋም» አሉ መምህር ልሳኑ። መጽሐፉን ግን ዘጉት።

«ለምን?» አለች ሐመልማል።

ያችን ጥያቄ ሰው ከጠየቃቸው ቆይቷል መሰለኝ፤ ዞረው አዩዋት።

«ያን ጊዜም ፍጻሜ ነበር» አሉ። «የመሥሪያ ቤቶቹ ቡድን ጎል አገባ። ከጨዋታ ውጪ ነበር፤ ሻርኩት። ከሩቅ በእንግድነት የመጣው የስፖርት ኃላፊ ከክብር ወንበሩ ተነስቶ ሜዳ ገባ። ‹አንተ! አንተ ማነህና ነው? አምጣ ፊሽካውን!› አለኝ። ከአንገቴ በጥሶ ወሰደው፤ ለሌላ ሰው ሰጠው። ጎሉ ጸደቀ።»

«ስለ ጎሉ ነው?»

«ጎል ይረሳል፣ ልጄ። ‹አንተ› ያለኝ ተማሪዎቼ ፊት ነው። ሰኞ ክፍል ስገባ አንዱ ከኋላ ‹አንተ!› አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስሜ አንተ ነበር። መምህር አንተ።»

«ኃላፊው ማን ይባላል?»

«ገዛኸኝ።»

ሐመልማል ስሙን ታውቀዋለች። አቶ ገዛኸኝ የይትባረክ አጎት ናቸው። የእሱን ወገን እየመሩ ነገ የሚገቡት እሳቸው ናቸው።

«ምን ይሁንልዎ? ሽማግሌ ይላክ? ድንጋይ ተሸክመው እግርዎ ላይ ይውደቁ?»

«ድንጋይ ምን ያደርግልኛል? ግቢዬ ሙሉ ድንጋይ ነው። በአደባባይ ‹አንተ› ብሎ የወሰደውን በአደባባይ ‹እርስዎ› ብሎ ይመልስ። የምፈልገው አንዲት ቃል ነው። እሷ ካልመጣች አልነፋም።»

«ትመጣለች» አለች ሐመልማል።

አርብ እንግዶቹ ገቡ። የናርዶስ ወገን በሆቴሉ በረንዳ ግራ፣ የይትባረክ ወገን በበረንዳው ቀኝ ተቀመጠ። ማንም እንዲህ ተቀመጡ አላላቸውም። አቶ ገዛኸኝ መሐል ላይ፣ ሰፊው ወንበር ላይ ነበሩ። ሐመልማል ሁሉም እየሰማ ቆመች።

«ጋሼ፣ መምህር ልሳኑ ፊሽካ አልነፋም አሉ። ልጆቹ ሜዳ አንለቅም አሉ። ቦጋለ ድንኳን አልነቅልም አለ። ዘርፌ ዓሣ አልጠብስም አለች። ስንሻው ጀልባ አላስነሳም አለ። ናርዶስም ከጀልባዋ ልትቀር ነው። እባክዎ ለመምህር ልሳኑ ፊሽካቸውን በሰው ፊት ‹እርስዎ› ብለው ይመልሱላቸው።»

«የቱ ልሳኑ?» አሉ አቶ ገዛኸኝ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። አቶ ገዛኸኝ እንኳ ሊረሱት፣ መቼ ያዙትና! ሐመልማል ነገሩን ከሥሩ ነገረቻቸው።

«እና ይሄን ሁሉ ዘመን ተቀይሞኝ ነው?» ሳቁ። «በዕድሜ እበልጠዋለሁ እኮ! ታናሼን እርስዎ ልለው? አልልም። ደግሞ አንዲት ቃል ምን አላት? በአንዲት ቃል ጀልባ ታስራላችሁ?»

«እኛ አላሰርንም፣ ጋሼ። እኔ ገመዱን ተከትዬ ስመጣ እጅዎ ላይ አገኘሁት።»

«አልልም ብያለሁ።»

ሐመልማል ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እንግዲያውስ ገዛኸኝ፣ አንተ፣ ከወንበሩ ተነስ።»

አንዲት የይትባረክ አክስት እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከግራም ከቀኝም ሁሉም አቶ ገዛኸኝን አየ። የሰውዬው ጆሮ ቀላ።

«ምን... ምን አልሽኝ አንቺ?»

«አንዲት ቃል ናት፣ ጋሼ። ምን አላት?»

አቶ ገዛኸኝ ዙሪያቸውን አዩ። በወንድሞቻቸው ፊት፣ በእህቶቻቸው ፊት፣ በአማቾቻቸው ፊት ነው። ያቺ ቃል ምን እንዳላት ያን ጊዜ ገባቸው። ኮታቸውን ቆልፈው ተነሱ።

«ሜዳው ወዴት ነው?» አሉ።

እንግዳው ሁሉ ተከተለ። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ በረንዳ ላይ ማን ይቀራል? መምህር ልሳኑ ተጠርተው ሜዳው መሐል ቆመው ነበር። ምንተስኖት ፊሽካ ለአቶ ገዛኸኝ ሰጠ። አቶ ገዛኸኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይህ ፊሽካ... ለሚመለከተው ይሰጥ።»

«የሚመለከተው ማነው?» አሉ መምህር ልሳኑ።

«ዳኛ ለሆነው ክፍል።»

«እኔ ክፍል አይደለሁም።»

ሕዝቡ ሳቀ። አቶ ገዛኸኝ ላባቸውን ጠረጉ። «እሺ፤ ይውሰዱ።»

«እነማን ይውሰዱ? ብዙ ሰው ነን።»

«ኧረ በእናትህ!» አሉ አቶ ገዛኸኝ፤ ወዲያው ምላሳቸውን ነከሱ። መምህሩ ለመሄድ ዞሩ። ሐመልማል ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መንገዱ ላይ ቆመች። ማንንም ለማሳለፍ ያሰበች አትመስልም፤ መምህሩንም፣ ኃላፊውንም።

አቶ ገዛኸኝ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ፊሽካዋ መዳፋቸው ላይ ናት።

«መምህር ልሳኑ» አሉ፤ ድምፃቸው ቀጠነ። «እርስዎ ይውሰዱ። ያን ጊዜም የእርስዎ ነበር።»

መምህር ልሳኑ ፊሽካዋን በሁለት ጣታቸው አነሱ። በሸሚዛቸው ጠረጓት።

«ይቅር አሉኝ?» አሉ አቶ ገዛኸኝ ቀስ ብለው።

«ፊሽካዬን ተቀብያለሁ። ይቅርታውን አስብበታለሁ። አሁን ከሜዳው ይውጡ፤ ጨዋታ አለ።»

ነፉ።

መምህሩ ፊሽካ ቢነፉ ልጆቹ ተጫወቱ። ልጆቹ ቢጫወቱ ሜዳውን ለቀቁ። ሜዳውን ቢለቁ ቦጋለ ድንኳን ነቅሎ ደሴቷ ላይ ተከለ። ድንኳን ቢተከል ዘርፌ ዓሣዋንና ብረት ድስቷን ይዛ ቅዳሜ በማለዳ ደሴቷ ላይ ተገኘች። ዘርፌ ዓሣ ብትጠብስ፣ ሽታው በውኃው ላይ ወደቡ ድረስ ቢመጣ፣ ስንሻው ሞተሩን አስነሳ።

እንግዶቹም ገቡ። የናርዶስ ወገን በግራ፣ የይትባረክ ወገን በቀኝ ተቀመጠ። ጀልባዋ ወደ ቀኝ ተንጋደደች።

«በስመ አብ!» አለ ስንሻው። «የሙሽራው ወገን አጥንተ ከባድ ነው! እንዲህ ተቀምጣችሁ ብትሄዱ ዓሣ አትበሉም፤ ዓሣ ነው የሚበላችሁ። ተነሱ! ወፍራም ከቀጭን፣ ወፍራም ከቀጭን! እርስዎ እማማ፣ እዚያ ቀጭኗ ሴትዮ ጎን። አንተ ጎረምሳ፣ ተነስና እኚህ አባት አጠገብ። ዘመድ አትምረጡ፤ ክብደት ምረጡ!»

እየተጯጯሁ፣ እየተደጋገፉ፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ ቦታ ተቀያየሩ። የይትባረክ እናት የናርዶስን አክስት እጅ እንደያዙ ተቀመጡ፤ ጀልባዋ ስትነሳ ፈርተው ነው፤ ከዚያ በኋላም አልለቀቁም። ጀልባዋ ተስተካከለች። ሄደች።

ናርዶስ ከፊት ተቀምጣ ወደ ኋላ ዞረች። የማን ወገን የቱ እንደሆነ ልትለይ ሞከረች። አቃታት። ሐመልማል ጎኗ ተቀምጣ ነጠላዋን ፈታች።

ተረቴ ከወደብ ወጣ፤ ቅር ያለው ይዋኝ።