የአስታማሚ ስም

ስሙኝማ፤ ብዙ ስለተመኘች ሴት አይደለም የምነግራችሁ። ወይዘሮ እታፈራሁ የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠዋት ደጇ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ መሞቅ። ከአልጋዋ እስከ ደጇ ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ግን ከጡቷ የተነሣው ካንሰር የወገቧ አጥንት ውስጥ ገብቶ ነበርና ስድስቱ እርምጃ የስድስት ቀን መንገድ ሆነባት። ቀና ስትል ሕመሙ ያጣጥፋታል፤ ተመልሳ ትተኛለች።

ልጅ አልወለደችም። ባሏ ይመር ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው። የምታስታምማት አስካለ ናት። አስካለ ማን መሰለቻችሁ? ይመር እታፈራሁን ትቶ ያገባት ሴት ናት። ቤቷ ከአጥሩ ወዲያ ነው። ዓሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለቱ በአጥር ላይ ተሰዳድበዋል እንጂ ደህና አደርሽ ተባብለው አያውቁም።

አንድ ረፋድ ግን አስካለ ልብስ ስታሰጣ ከአጥሩ ወዲያ ማቃሰት ሰማች። ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ልብሱን ባልዲው ውስጥ ትታ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ ታጥባታለች፣ ታጎርሳታለች፣ ጎኗን ታገላብጣታለች። እታፈራሁ አልከለከለቻትም፤ በስሟ ግን ጠርታት አታውቅም። ፊት ለፊት “አንቺ” ትላታለች፤ ለሰው ስታወራ ደግሞ “ያቺ”።

“አንቺ፣” አለቻት አንድ ቀን፣ “ዛሬም ፀሐይዋ አመለጠችኝ።”

አስካለ ነጠላዋን ደረበችና ወደ ሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት ሄደች። እዚያ ሐያት የምትባል ፋርማሲስት አለች። ከሐያት ኋላ ሁለት ቁልፍ ያለው የብረት ቁም ሣጥን አለ። በቁም ሣጥኑ ውስጥ ሞርፊን የሚባለው ሽሮፕ አለ፤ የካንሰር ሕመም የሚያስታግሰው።

“እትዬ፣ ይሄ እንደ ሳል ሽሮፕ ዝም ብሎ አይሰጥም፤ ሕግ አለው” አለች ሐያት። “ድሮ በሠራሁበት ከተማ አንድ ጠርሙስ ከታማሚ ቤት ወጥቶ ሌላ ሰው እጅ ገባ። ሰውየው ጠጣው፤ በዚያው አልነቃም። የሐኪሙን ልዩ ማዘዣ ሳላይ ቁልፉን አላነሣም።”

እንግዲህ ሐያት ካልከፈተች ሽሮፑ አይወጣም፤ ሽሮፑ ካልወጣ ሕመሙ አይለቅም፤ ሕመሙ ካልለቀቀ እታፈራሁ ፀሐይ አትሞቅም።

አስካለ ዶክተር ክንፈ ዘንድ ሄደች። “ወይዘሮ እታፈራሁን አውቃቸዋለሁ፤ ሽሮፑም ያስፈልጋቸዋል” አላት። “ግን ራሳቸው መምጣት አይችሉም። ስለዚህ ማዘዣው ላይ የአስታማሚ ስም መጻፍ አለበት። የሚወስደው፣ የሚለካው፣ ባዶውን ጠርሙስ የሚመልሰው ያ ሰው ብቻ ነው። አስታማሚያቸው እርስዎ መሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ ያምጡልኝ።”

ክንፈ ካልጻፈ ሐያት አትከፍትም፤ ሐያት ካልከፈተች ሽሮፑ አይወጣም፤ ሽሮፑ ካልወጣ ሕመሙ አይለቅም፤ ሕመሙ ካልለቀቀ እታፈራሁ ፀሐይ አትሞቅም።

ቀበሌ ደረሰች። ጸሐፊው አቶ ጌጡ ቅጽ አወጣ።

“ከታማሚዋ ጋር ያላችሁ ዝምድና?”

“የባሏ ሚስት ነኝ።”

ጌጡ እስክሪብቶውን አቆመ። “የወንድሟ ሚስት ማለትዎ ነው?”

“አይደለም። የባሏ።”

ጌጡ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየው። እናት የሚል አለ፣ ልጅ የሚል አለ፣ እህት የሚል አለ፤ እንዲህ ያለ ግን የለም። ራሱን አከከ። “ዘመድ በሌለበት ጎረቤት ሊመሰክር ይችላል” አለ በመጨረሻ። “ሁለታችሁንም የሚያውቅ ሰው ይፈርምልዎት፤ እኔም አትማለሁ።”

ጌጡ ካላተመ ክንፈ አይጽፍም፤ ክንፈ ካልጻፈ ሐያት አትከፍትም፤ ሐያት ካልከፈተች ሽሮፑ አይወጣም፤ ሽሮፑ ካልወጣ ሕመሙ አይለቅም፤ ሕመሙ ካልለቀቀ እታፈራሁ ፀሐይ አትሞቅም።

ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው ጋሽ ሰይድ ነበር። ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናው ከሁለቱ በር ትይዩ በረንዳ ላይ ነው የምትቀመጠው። ወረቀቱን አነበበና መነጽሩን አወለቀ።

“አስካለ፣ አልዋሽሽም። ዓሥራ አንድ ዓመት እዚህ ተቀምጬ የተባባላችሁትን ሁሉ ሰምቻለሁ። ‘ሞትሽን ያሳየኝ’ ስትያት ሰምቻለሁ።”

“ብያታለሁ” አለች አስካለ።

“ታዲያ ዛሬ በማንኪያ የሚለካ፣ ሲበዛ ሰው የሚገድል መድኃኒት እጅሽ ይግባ ብዬ ልፈርም? ከራሷ አፍ ካልሰማሁ አልፈርምም።”

አስካለ ሰደበኝ እንዳትል እውነቱን ነው። ፊቷ እየነደደ መንገዱን አቋርጣ ገባች፤ ሰይድም ተከተላት።

“እታፈራሁ፣” አለ ሰይድ አልጋው አጠገብ ቆሞ፣ “ይህች ሴት ምንሽ ናት?”

እታፈራሁ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ይኸው! እታፈራሁ ካልተናገረች ሰይድ አይፈርምም፤ ሰይድ ካልፈረመ ጌጡ አያትምም፤ ጌጡ ካላተመ ክንፈ አይጽፍም፤ ክንፈ ካልጻፈ ሐያት አትከፍትም፤ ሐያት ካልከፈተች ሽሮፑ አይወጣም፤ ሽሮፑ ካልወጣ ሕመሙ አይለቅም፤ ሕመሙ ካልለቀቀ እታፈራሁ ፀሐይ አትሞቅም።

“ጠላቴ ናት የምትይ ከሆነም በይ” አለች አስካለ። “ባልሽን ወስጃለሁ፤ እሱን አልክድም። ብቻ ጎንሽን ሳገላብጥ አሳምሜሽ እንደሆነ፣ እሱን ተናገሪ።”

ሰይድ ሊወጣ መለስ ሲል እታፈራሁ አፏን ከፈተች፤ ፊቷ ግን አሁንም ወደ ግድግዳው ነው።

“ምኔ እንደሆነች አላውቅም፣ ሰይድ። ብሞትላት ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን የምታጎርሰኝን እንኳ እየፈራሁ ነው የዋጥኩት። አሁን ግን የሌላ ሰው እጅ ጎኔን ሲነካኝ እጮኻለሁ። እሷ ስትይዘኝ አልጮኽም።”

“ወረቀቱ የአስታማሚ ስም ነው የሚለው” አለ ሰይድ ቀስ ብሎ።

“እንግዲያው አስካለ ብለህ ጻፍ። አስካለ ወልዴ።”

አስካለ ክው አለች። “የአባቴን ስም ታውቂዋለሽ?”

“ዓሥራ አንድ ዓመት የጠላሁትን ሰው ስም አላውቅም እንዴ?” አለች እታፈራሁ፣ ፊቷን እያዞረች።

እታፈራሁ ተናገረችና ሰይድ ፈረመ። ሰይድ ፈረመና ጌጡ አተመ፤ በዝምድናው መስመር ላይም በእጁ “አስታማሚ” ብሎ ጻፈበት። ጌጡ አተመና ክንፈ ጻፈ፤ ስንት ሚሊ ሊትር፣ በየስንት ሰዓቱ፣ ሁለት ጊዜ አስደገማት። ክንፈ ጻፈና ሐያት ከፈተች፤ “ቆልፈሽ አስቀምጪው፣ እትዬ” አለቻት። ሐያት ከፈተችና ሽሮፑ ወጣ። ሽሮፑ ወጣና ሕመሙ ለቀቀ፤ ጨርሶ አይደለም፣ ስድስት እርምጃ የሚያስኬድ ያህል። በሽታው እዚያው ነው። ሽሮፑ በሽታውን ይፈውሳል ያለም የለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት እታፈራሁ በአስካለ ትከሻ ተደግፋ ወጣች፤ ደጇም ላይ ተቀመጠች። አስካለም ሕመሙ ይታይባት እንደሆነ ለማየት ፊት ለፊቷ ቆመች።

“ምን ታፈጪብኛለሽ?” አለች እታፈራሁ። “ዞር በይ፣ ፀሐይዋን ከለልሽብኝ።”

አስካለ ዞር አለችና ከጎኗ ተቀመጠች። የእኔ ወሬ እዚህ አበቃ፤ እነሱ ግን ገና አልተነሡም።